ብርድ ልብሱ በየረድፉ እየጠበበብኝ ነው፤ ልፍታው ወይስ ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ኪሮሽ ከጀመርኩ ይህ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ዘንድሮ ብርዱ ሲገባ፣ ብዙ ነገር ከመነካካት አንድ ነገር ጀምሬ ልጨርስ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እናቴን ማታ ማታ ጉልበቷን ይበርዳታል፤ ስትቀመጥ እግሯ ላይ የምትጥለው ብርድ ልብስ ልሠራላት አሰብኩ። ድንገት ላስደስታት ብዬ አልነገርኳትም።

100 ግራም የሚመዝኑ 4 ጥቅል ጥቁር ሰማያዊ የአክሪሊክ ክር ገዛሁ። መርፌዬ 5 ሚሊ ሜትር ነው። አሠራሩን የተማርኩት ስልክ ላይ ከሁለት የተለያዩ ቪዲዮዎች ነው። ክር አንድ ጊዜ መርፌው ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራውን ረጅሙን ስፌት ነው የምሠራው። በ120 ስፌት ጀመርኩ፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 እንዲሆን ነበር ሐሳቤ። 24 ረድፍ ሠርቼ፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳየው ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ ሆኗል። ስለካው ከታች 86፣ ከላይ 72 ሴንቲ ሜትር። ስቆጥር 101 ስፌት ብቻ ቀርቶኛል። 19ኙ የት እንደገባ አላውቅም። ሁለቱም ጎን እኩል ነው የገባው። አንደኛው ጥቅል ክር ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

የጎዳኝ ግን ይሄ አይደለም። ታላቅ እህቴ ቤት መጥታ አየችውና ሰው ፊት «አንቺ መጀመር እንጂ መጨረስ መቼ ታውቂያለሽ፤ ተዪውና ገዝተሽ ስጫት» አለችኝ። እውነት ስላለበት መልስ አጣሁ። መሳቢያዬ ውስጥ አንድ እጅጌ የጎደለው ሹራብ፣ ግማሹ የተጠለፈ የትራስ ልብስና ስንዝር የማይሞላ የአንገት ልብስ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክሩን ሳነሳ ደስ አይለኝም። ትንሽ ከሠራሁ ደግሞ አውራ ጣቴንና የእጄን አንጓ ያመኛል። ብርዱ ሊወጣ የቀረው ሁለት ወር ገደማ ነው። ፈትቼ እንደገና ልጀምር? እንዳለ ልቀጥል? ወይስ እህቴ እንዳለችው ገዝቼ ልገላገል?

ጅምር የበዛባት

ምላሽ

እህቴ፣ መጀመሪያ 19ኙ ስፌት የት እንደገባ ልንገርሽ፤ ወደ ታላቅ እህትሽ ከዚያ እንመለሳለን። ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ሆነው ሳሉ አንድ ላይ የተቋጠሩብሽ ይመስለኛል።

አንድ ረድፍ ስትጨርሺ 3 ሰንሰለት፣ ማለትም አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚሳቡ 3 ባዶ ቀለበቶች፣ ትሠሪና ሥራውን ታዞሪያለሽ። እነዚያ 3 ሰንሰለቶች ለከፍታ ብቻ የተሠሩ ይመስላሉ እንጂ የአዲሱ ረድፍ የመጀመሪያ ስፌት ሆነው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቀጣዩን ረድፍ ስትጨርሺ የመጨረሻው ስፌት ማረፍ ያለበት እነሱ አናት ላይ፣ 3ኛዋ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ያ አናት ግን ስፌት አይመስልም። ከሌሎቹ ይቀጥናል፣ ወደ ጎን ያጋድላል፣ ጠብቆ ከተሠራም መርፌ አላስገባ ይላል። በጥቁር ሰማያዊ ክር፣ ያውም በማታ መብራት፣ ዝም ብሎ የጠርዝ እብጠት ነው የሚመስለው። ረድፉ ያለቀ መስሎሽ ታዞሪያለሽ፤ አንድ ስፌት ቀረ። ሥራው በየረድፉ ስለሚዞር ዛሬ በግራ የቀረው ነገ በቀኝ ይቀራል። ሁለቱም ጎን እኩል የገባው ለዚህ ነው። በ24 ረድፍ ውስጥ 23 ጊዜ ዞረሻል፤ 19ኙን ስተሽ 4ቱን ይዘሻል ማለት ነው።

ቪዲዮዎቹ ሁለት መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ሳያባብሰው አልቀረም። አንዳንድ አስተማሪዎች የመዞሪያውን ሰንሰለት እንደ ስፌት ይቆጥሩታል፦ ከሥሩ ያለውን ስፌት ይዘሉና ረድፉ መጨረሻ ላይ አናቱ ላይ ይሠራሉ። ሌሎቹ ጭራሽ አይቆጥሩትም፦ ከሥሩ ያለው ላይ ይሠሩና መጨረሻ ላይ አናቱን ይተዉታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የረድፉን መነሻ ከአንዱ፣ መድረሻውን ከሌላው የወሰደ ግን በየረድፉ አንድ ስፌት ይጎድልበታል፤ ገልብጦ የወሰደ ደግሞ በየረድፉ አንድ ይጨምርና ሥራው እንደ ቀሚስ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱን መርጠሽ ሌላውን ዝጊው፤ እኔ ከዚህ በታች የምነግርሽ ሰንሰለቱን እንደ ስፌት የሚቆጥሩትን አሠራር ይዤ ነው። በነገራችን ላይ ስሞቹም ያምታታሉ። አንቺ የምትሠሪውን ረጅም ስፌት አሜሪካኖቹ ደብል ሲሉት እንግሊዞቹ ትሬብል ይሉታል፤ የእንግሊዞቹ ደብል የአሜሪካኖቹ ሲንግል፣ አጭሩ ስፌት ነው። አዲስ ነገር ከመጀመርሽ በፊት አስተማሪዋ በየትኛው ስም እንደምትጠራ እይ።

አሁን እንግዲህ እስቲ አስቢው፦ ብርድ ልብሱ የጠበበው ባንቺ ጠባይ ሳይሆን ረድፍ መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ቀዳዳ ነው። እህትሽ ያየችው ጠቦ የተዘረጋውን ብቻ ነው።

ልፍታው ወይ ላልሽው፣ ፍቺው። በጥቂት የጠበበ ቢሆን ኖሮ ዙሪያውን ጠርዝ ሥሪለት እል ነበር፤ ጠርዝ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይደብቃል፣ 14 ሴንቲ ሜትር ግን አይደብቅም። ከዚህ ወዲያ በየጎኑ ስፌት እየጨመርሽ ወደ 120 ብትመልሺው መሐሉ እንደ ወገብ የተሸመቀቀ ብርድ ልብስ ይወጣል። እየጠበበ ከሄደ አይቀር ባለ ሦስት ማዕዘን የትከሻ ልብስ ላድርገው ብለሽም አስበሽ ይሆናል። ሐሳቡ ባልከፋ፣ ግን ሰፊው ጎኑ 86 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ትከሻ ዞሮ ደረት ላይ አይገናኝም።

ከመፍታትሽ በፊት ግን ሥራውን ሚዛን ላይ አስቀምጪው። አንድ ጥቅል ሊያልቅ ትንሽ ከቀረው ወደ 95 ግራም ይመዝናል ብዬ ልሥላ። ከ120 ጀምሮ 101 የደረሰ 24 ረድፍ፣ በአማካይ 110 ተኩል ቢያዝ፣ ወደ 2,650 ስፌት ነው። ያሰብሽው ብርድ ልብስ ሳይጠብ 1 ሜትር ከ20 ቢደርስ 96 ረድፍ በ120፣ ማለትም 11,520 ስፌት ይሆን ነበር። በዚህ ስሌት 413 ግራም ክር ይበላል። ያለሽ 400 ነው። አንድም ስፌት ባይጎድልብሽ እንኳ መጨረሻው ላይ ክር ያልቅብሽ ነበር፤ ያኔ ደግሞ የሚፈታው 24 ረድፍ ሳይሆን 90 ነው። አምስተኛ ጥቅል ፍለጋ ብትሄጂም ወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ጋር ካልገጠመ ቀለሙ ለየት ይላል፤ ማታ አይታይሽም፣ ቀን በመስኮት ብርሃን ግን ልዩነቱ እንደ መስመር ቁልጭ ይላል።

ስለዚህ ዕቅዱን እናሳንሰው። ጉልበት ላይ የሚጣል ብርድ ልብስ የተቀመጠን ሰው ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሸፈነ በቂ ነው። እንዲያውም መሬት ከነካ ስትነሳ ያደናቅፋታል። በ110 ስፌት ብትጀምሪ ስፋቱ 79 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 80 ረድፍ ደግሞ 1 ሜትር ነው። ድምሩ 8,800 ስፌት፣ 315 ግራም ክር። ለጠርዝ ከ20 ግራም በታች ይበቃሻል፣ የተረፈው መጠባበቂያ ነው። እናትሽ ሳትጠረጥር በሆነ ሰበብ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ብትለኪያት ጥሩ ነው፤ ረዘም ያለች ከሆነች ጥቂት ረድፍ ትጨምሪያለሽ።

አፈታቱ ቀላል ነው፤ ብቻ እየጎተትሽ ኳሱን ጠበቅ አድርገሽ አትጠቅልዪው፣ ክሩ ተለጥጦ ይቆያል። እንደ ጸጉር የተጠማዘዘው ክር ካስቸገረሽ ወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥመሽ በአራት ቦታ ልል አድርገሽ እሰሪና ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ ከዚያ በፎጣ ጨምቀሽ ስቀዪው። በክረምት እስኪደርቅ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ካውያ እንዳታስነኪው፤ አክሪሊክ ሙቀት ሲያገኘው ሰውነቱን ያጣል፣ ልፍስፍስ ይላል፣ አይመለስም።

ስትጀምሪ የመነሻውን ሰንሰለት በ5.5 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር መርፌ ሥሪው፤ የጀማሪ ሰንሰለት ስለሚጠብቅ ከታች እንደ ከረጢት አፍ ይሰበስበዋል። 112 ሰንሰለት ሥሪ፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትሩ ተመለሺ፣ የመጀመሪያውን ስፌት ከመርፌው 4ኛዋ ሰንሰለት ላይ አሳርፊ። የተዘለሉት ሦስቱ እንደ አንድ ስፌት ይቆጠራሉ፣ የቀሩት 109 ናቸው፤ ድምሩ 110። እነዚያ ሦስቱ የተዘለሉት ጫፍ ላይም መርፌ ቁልፍ አድርጊበት፤ 2ኛው ረድፍ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ዋናው ነገርም ይሄው መርፌ ቁልፍ ነው። ሁለት ትንንሽ መርፌ ቁልፎች ይኑሩሽ። ለመዞር 3 ሰንሰለት ስትሠሪ፣ ገና 3ኛዋ መርፌሽ ሥር ትኩስ እያለች፣ እሷ ላይ አንዷን ቁልፍ አድርጊ። ረድፉን ሠርተሽ ተመልሰሽ ስትመጪ ቁልፏ ጠርዙ ላይ ትጠብቅሻለች። ቁልፏ ካለችበት ገብተሽ፣ ከሁለቱ የክር ጅማቶች ሥር መርፌውን አሳልፊና የመጨረሻውን ስፌት ሥሪ፤ ከዚያ በፊት እንዳትዞሪ። ቁልፏን ነቅለሽ ለሚቀጥለው መዞሪያ ተጠቀሚባት። ከ10 ረድፍ በኋላ ያለ ቁልፍ ዓይንሽ ራሱ ይለየዋል፤ እስከዚያ ግን አትተዪያት። ሌላው የሚረዳሽ ደግሞ መብራት ነው። ጥቁር ሰማያዊ በማታ ከሚያስቸግሩ ቀለሞች አንዱ ነው። ጭንሽ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፊ፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ነጩ ስለሚታይ ስፌቱ ይለይልሻል። ቀኝ እጅሽን የምትጠቀሚ ከሆነ መብራቱ ከግራ ትከሻሽ በላይ ይሁን፤ አለበለዚያ የራስሽ እጅ ጥላ ይጥልብሻል።

እጅሽን በተመለከተ ጥቂት ልጠይቅሽ። መርፌውን አጥብቀሽ ጨብጠሽ ነው የምትሠሪው? ቀለበቱ የሚያርፈው የመርፌው ወፍራም ግንድ ላይ ነው ወይስ ከጫፉ ሥር ቀጭኗ አንገት ላይ? አንገቷ ላይ ከሆነ ክሩ ይጠብቃል፣ እያንዳንዱን ቀለበት በጉልበት ታወጪያለሽ፣ አውራ ጣትሽም የሚያመው ለዚህ ነው። ግንዱ ላይ እንዲያርፍ አድርጊ። በብርድ የደነዘዘ ጣት ሳያውቀው ስለሚጨብጥ ከመጀመርሽ በፊት እጅሽን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆዪው፤ ጣት የሌለው ጓንትም ይጠቅማል። ክርንሽ በትራስ ይደገፍ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተነሺና ጣቶችሽን ዘርጊ፣ አንጓሽን አዙሪ። አውራ ጣትሽ፣ ሌባ ጣትሽና የመሐል ጣትሽ ሌሊት ከእንቅልፍ እስኪቀሰቅሱሽ የሚደነዝዙ ከሆነ ግን ሥራውን አቁሚና ሐኪም ይይሽ።

ጊዜውስ? አንድ ጀማሪ በደቂቃ 10 ስፌት ቢሠራ 110ሩ 11 ደቂቃ ይወስዳል። በአንድ ማታ ሁለት ረድፍ፣ በሳምንት አምስት ማታ። በሳምንት 10 ረድፍ፣ በ8 ሳምንት 80። ሁለቱ ማታዎች ያንቺ ናቸው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ይደክምሻል፣ መብራት ይጠፋል። ከሁለት ረድፍ በላይ የመሥራት ጉጉት ያደረብሽ ማታም ቢሆን ባትበልጪ ይሻላል። አንድ ቀን ስምንት ረድፍ የሠራ እጅ በማግስቱ ያመዋል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይዘላል፣ ከዚያ ሥራው ወደ መሳቢያ ይሄዳል። በመሳቢያሽ ያሉት ሦስቱ የቆሙት እንዲህ ይሆን?

ወደ ታላቅ እህትሽ ልመለስ። ያመመሽ የተናገረችው ነው ወይስ ሰው ፊት መናገሯ? ሁለቱ መልሳቸው ለየቅል ነው። ሰው ፊት መሆኑ ከሆነ፣ ለብቻዋ ስታገኚያት «ብርድ ልብሱ መጥበቡን አውቃለሁ፤ ሰው ባለበት እንዲያ ስትይኝ ግን አፍሬያለሁ፣ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር» ብትያትስ? ጠብ የለበትም፣ ታላቅነቷንም አይነካም። የተናገረችው ራሱ ከሆነ ያመመሽ፣ ብርድ ልብሱን ለእሷ መልስ አድርገሽ እንዳትሠሪው እለምንሻለሁ። በእልህ የሚሠራ ሰው ክር ያጠብቃል፤ ምሳሌ እየተናገርኩ እንዳይመስልሽ። በተናደዱ ማታ የተሠራ ረድፍ ከሌላው ጠቦና አጥሮ ይታያል፣ እጅንም ያሳምማል።

ደግሞም እህትሽ በአንድ ነገር ልክ ናት። እናትሽን ዛሬ ማታ የሚበርዳት ከሆነ 8 ሳምንት መጠበቅ የለባትም። ቤት ካለው አንዱን ብርድ ልብስ አምጥተሽ ጉልበቷ ላይ ጣይላት፣ ከሌለም ግዢላት። የተገዛው ብርዱን ይከላከላል፤ ያንቺ ሲደርስ ይደርሳል። እንዲያውም እናትሽ ዛሬ ሞቋት ከተቀመጠች አንቺም ሳትጣደፊ ትሠሪያለሽ። ጉልበቷ የሚያብጥ ከሆነ ወይም ጠዋት አላስነሳ ካላት ደግሞ የብርድ ብቻ ላይሆን ስለሚችል ትታይ።

ስለ መሳቢያው አሁን ብዙ አታስቢ፤ አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። የትራስ ልብሱ ላይ መርፌ ተሰክቶ ከቀረ ንቀዪው፤ በክረምት እርጥበት ይዝግና የማይለቅ ቡናማ ነጥብ ይተዋል። የመወጠሪያውን ክብም አውጪው፣ ለወራት የቆየበት ጨርቅ ቀለበት የመሰለ እጥፋት ይይዛል። ስንዝር የማይሞላውን የአንገት ልብስ ብትፈቺው አልቆጭም፣ ገና ምንም አልሆነም። ለሹራቡ ስንት ረድፍ ላይ እንደቆምሽና በስንት ቁጥር መርፌ እንደሠራሽ በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ከጎኑ አስቀምጪ። ሁሉንም በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ከረጢት አድርጊያቸው፤ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል፣ ይሸታል።

ዛሬ ማታ ልትሠሪ አትሞክሪ። መዝኚ፣ ፍቺ፣ ጠቅልዪ፣ ተኚ። ነገ 112 ሰንሰለት። 10ኛው ረድፍ ላይ ስትደርሺ ቁጠሪ፤ 110 ከሆነ ቀጥዪ። 109 ከሆነ ጠርዙን ከታች ወደ ላይ በጣትሽ ዳብሺው፣ ደረጃ መሰል ጎድጓዳ የሆነበትን ታገኚዋለሽ፤ እስከዚያች ረድፍ ብቻ ፈትተሽ ቁልፏን መልሺባት።